መንጠቆ የያዘ ሰው ዜና ላይ ለምን ሁልጊዜ «ሥራ አጥ የነበረ» ይሆናል?

ቀሃ_ዳር (ጎንደር) · ሰኞ ማታ 2:15

ሰላም ቤተሰብ። ይህን የምጽፈው ግማሹን ተናድጄ፣ ግማሹን እየሳቅሁ ነው።

ትናንት ሳምንት እንደ ልማዴ ጣና ሐይቅ ዳር ወዳለችው ጎርጎራ ወርጄ ነበር። በአዘዞ፣ በቆላ ድባ አድርጎ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለማያውቀኝ፣ እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ደሞዝ አለኝ፤ ትንሽም ብትሆን። መንጠቆ የምይዘው ስለምወደው ነው። አለቀ። ሦስት ሰዓት እቀመጣለሁ፣ ሁለት ቀረሶ ዓሣ ካገኘሁ አንዷን ለቤት እይዛለሁ፣ ትንሿን መልሼ እለቃታለሁ፣ ንፋስ ተቀብዬ እመለሳለሁ።

የዚያን ቀን ካሜራ የያዙ ልጆች መጡ። ጾሙ ስለገባ የዓሣ ዜና ሊሠሩ ነው። ትሁት ልጆች ናቸው፣ አልዋሽም። አንዱ ማይኩን ደቀነብኝ።

«በቀን ምን ያህል ታገኛለህ?»
«ሁለት፣ ሦስት።»
«ሁለት ሦስት ኪሎ?»
«ኧረ ሁለት ሦስት ዓሣ።»
«በማኅበር ተደራጅታችኋል?»
«ብቻዬን ነኝ። ለመዝናናት ነው የመጣሁት።»
«ገበያውስ እንዴት ነው?»

ገበያ የለኝም አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ዜናው ሲመጣ እኔ ከጀርባ ፀሐይ እየጠለቀች ተቀምጫለሁ፣ ድምፁ ደግሞ «ከሥራ አጥነት ተላቆ በዓሣ ሀብት ራሱን የለወጠ ወጣት» ይላል። ወጣት! 41 ዓመቴ ነው።

ዜናው ሳያልቅ እናቴ ደወለች። «ልጄ፣ ከሥራ አባረሩህ? ለምን ደበቅከኝ?» ብላ አለቀሰች። ቢሮ ስገባ ደግሞ ጥበቃው ሳይቀር «ሥራ ፈጣሪው» እያለ ይቀበለኝ ጀመር።

አሁን ጥያቄዬ ይህ ነው። የኛ ዜና ላይ ለደስታው ብሎ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አስቤ አስቤ አንድም አላስታወስኩም። መንጠቆ የያዘ ሰው ድሃ ነው። ድሃ ካልሆነ ፈረንጅ ነው። ፈረንጅ ካልሆነ ሕገ ወጥ ነው። ኳስ የሚጫወት ሰው ሲያዩ «ቆዳ ለምን ይደበድባል፣ ተደራጅቷል ወይ» አይሉም እኮ።

አዘዞ_04 · ሰኞ ማታ 2:31

ሞትኩ በሳቅ። እናትህን ግን አረጋጋሃቸው?

ቀሃ_ዳር · ሰኞ ማታ 2:33

የደሞዝ ወረቀቴን ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመነችም። ቴሌቪዥን ብሏላ!

የጎርጎራ_ልጅ · ሰኞ ማታ 3:04

ወንድሜ፣ ታሪክህ ያስቃል። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ።

አባቴ አስጋሪ ነው። አያቴም ነበር። አንተ «አስጋሪ ተባልኩ» ብለህ ነው የተናደድከው። እኛ ደግሞ አስጋሪ ሆነን እንኳ በደንብ አንጠየቅም። ጋዜጠኛ የሚመጣው ሁለት ጊዜ ነው። ጾም ሲገባ «ዋጋው ስንት ደረሰ» ሊል ይመጣል። እምቦጭ ሲበዛ ደግሞ ቦት ጫማ ያደረጉ ሰዎች ሲነቅሉ ሊቀርጽ ይመጣል። ሪዞርቱ ከተሠራ ወዲህ ካሜራ በዝቷል፣ እሱ ግን ፊቱን ወደ ሪዞርቱ አዙሮ ነው።

አባቴ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቶ መረቡን ለማንሳት ሲወጣ ማን ቀረጸው? እምቦጩ መረቡን ጠቅልሎ ሲወስድበት ማን ጠየቀው? አንተ ለደስታህ እንደምታጠምድ ስላልተነገረልህ አዝነሃል። ይገባኛል። ግን ሐይቁ ዳር ለቁም ነገርም የሚጠይቅ የለም።

ደግሞ እውነቱን ልንገርህ። እኛ ሰፈር ለመዝናናት ዓሣ የሚይዝ ሰው ሲያዩ «ምን አጥቶ ነው» ይላሉ። ጋዜጠኛው ከሰማይ አላወረደውም።

ጡረተኛው · ሰኞ ማታ 3:40

ልጆች፣ የመጨረሻውን ነገር የጎርጎራው ልጅ በትክክል ነክቶታል።

እኔ ጎንደር ነው ያደግሁት። ልጅ ሆነን አንገረብ ወንዝ እንወርድ ነበር። ዘንጋችን የወይራ ቅርንጫፍ፣ ክራችን ሲባጎ፣ መንጠቋችን የታጠፈ መርፌ። ማጥመጃው ሊጥ ነው፤ ከእናት ጓዳ የተሰረቀ። ቤት ስንደርስ የሚጠብቀን ምስጋና እንዳይመስላችሁ። ዱላ ነው። «የማን ልጅ ነህና ነው ዓሣ ይዘህ የምትገባ!» ይባላል።

ይህ ንቀት ሥር አለው። ታንኳውን ከደንገል የሚሠሩት፣ ሐይቁን እንደ ጓሯቸው የሚያውቁት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። በጥንት ጊዜ ጉማሬ ያድኑና ይበሉ ነበር፤ በዚያ ሰበብ ሕዝቡ ሲንቃቸው፣ ከማዕዱም ሲያርቃቸው ኖረ። ከውሃ የሚወጣ ሥራም አብሮ ተናቀ። ታዲያ የተናቀ ሥራ እንዴት ብሎ መዝናኛ ይሆናል? አደን የመኳንንት ጨዋታ ነበር፤ ዘፈንም ፉከራም አለው። ዝሆን ገዳይ፣ አንበሳ ገዳይ ተብሎ ይፎከራል። «አምባዛ ገዳይ» ብሎ የፎከረ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

አዘዞ_04 · ሰኞ ማታ 3:46

ጋሼ፣ «አምባዛ ገዳይ»ን ከነገ ጀምሮ የፌስቡክ ስሜ አደርገዋለሁ።

ሰናይት_ዘጣና · ማክሰኞ ጠዋት 1:20

ሰላም ለሁላችሁ። የተማርኩት የዓሣ ሳይንስ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልርዘም፣ ታገሡኝ።

የቀሃ ዳር ሦስተኛው ነገር፣ «ሕገ ወጥ» የሚለው፣ እኔን በጣም ያሳስበኛል። ዜናው «ሕገ ወጥ ዓሣ ማጥመድ ሐይቁን አደጋ ላይ ጣለ» ይላል፣ ከዚያ የሚታየው ምስል መንጠቆ የያዘ ልጅ ነው። ጣናን የጎዳው ግን መንጠቆ አይደለም።

የጣናን ጉዳይ ልዩ የሚያደርገው ነጭ ዓሣ የምንለው ነው፤ በሳይንስ ስሙ ላቤዮባርበስ። ጣና ውስጥ 17 ዓይነት አለ፤ 15ቱ ሌላ ቦታ የሉም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግድ ጣና ብቻውን ተዘግቶ ኖሯል። ከነዚህ ውስጥ ስምንቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው፤ አፋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖራቸው! ይህ ለዜና የማይበቃ ከሆነ ምን ይበቃል?

እ.ኤ.አ. እስከ 1986 ድረስ ሐይቁ ላይ የነበረው የታንኳ አስጋሪ ነው። በዚያ ዓመት ሞተር ጀልባና ረጅም የናይለን መረብ መጣ። ምርቱ ለጊዜው አደገ። ግን ብዙዎቹ ነጭ ዓሦች በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ድርማ ወንዞች ይወጣሉ። ወንዙ አፍ ላይ ተሰብስበው ሲጠብቁ መረብ ተዘረጋባቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ውስጥ ብቻ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዓሦች ብዛት በሦስት አራተኛ ገደማ ወርዷል። በዚህ ላይ ወንዝ ውስጥ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ዓሣ ማደንዘዝ አለ።

መንጠቆ፣ መረብ፣ ብርብራ። ሦስቱን በአንድ «ሕገ ወጥ» ቃል ስትጠቀልላቸው የትኛውን እንደምታስቆም አታውቅም። አንድ ሰው በመንጠቆ ሁለት ቀረሶ ሲይዝና አንድ ሰው የወንዝ አፍ ላይ መረብ ሲገትር አንድ ዜና መሆን የለባቸውም።

ለመዝናኛ የሚያጠምድ ሰው ግን ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ አንድ ጥናት ከዓለም የዓሣ ምርት ውስጥ 12 በመቶ የሚሆነው በመዝናኛ አጥማጆች እጅ ሊገባ እንደሚችል ገምቶ ነበር። እነሱ በሚሊዮን ስለሚቆጠሩ ነው። የኛዎቹ ጥቂት ናቸው። ግን ነሐሴ ላይ መገጭ አፍ ሄዶ የሚያጠምድ ሰው መንጠቆም ይዞ እናቶቹን ነው የሚያወጣው።

ቀሃ_ዳር · ማክሰኞ ጠዋት 1:52

ሰናይት፣ ነሐሴ ላይ መገጭ አፍ ሄጃለሁ። ሁለት ጊዜ። አንዷ ሆዷ ሙሉ እንቁላል ነበር። ያኔ «እንዴት ወፍራም ናት» ብዬ ፎቶ ተነሳሁ። አሁን ደስ አላለኝም።

ሰናይት_ዘጣና · ማክሰኞ ጠዋት 2:05

ስለነገርከን አመሰግናለሁ። ከሰኔ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ወንዝ አፍ አትሂድ፤ ቀረሶ ላይ አተኩር። ለነገሩ ቀረሶ ራሷን ትጠብቃለች። እናቲቱ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ነው የምትይዘው። በዚያ ጊዜ ስለማትበላ ትልህንም ሊጥህንም ዞር ብላ አታይም።

ማይክ_ያዥ · ማክሰኞ ቀን 7:10

እሺ፣ ድንጋዩን ለመቀበል ተዘጋጅቻለሁ። ጋዜጠኛ ነኝ። ያንን ዜና የሠራሁት እኔ አይደለሁም፤ ግን ልሠራው እችል ነበር።

አሠራሩን ልንገራችሁ። ለዜና ያለኝ 1 ደቂቃ ከ30 ነው። ከመስክ ስመለስ አርታኢው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ፋይዳው ምንድን ነው?» ይላል። ፋይዳ ማለት ቁጥር ነው። ስንት ወጣት፣ ስንት ኩንታል፣ ስንት ብር። «አንድ ሰውዬ እሁድ እሁድ ሐይቅ ዳር ይቀመጣል፣ ደስ ይለዋል» ብል፣ «ታዲያ ይቀመጣ!» ነው የምባለው። ስፖርት ክፍል ብወስደው ውድድር የለውም፣ ክለብ የለውም። መዝናኛ ክፍል ዘፋኝ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ሰውዬው ወደ ልማት ይሄዳል። ልማት ውስጥ ከገባ ደግሞ ከድህነት መውጣት አለበት። ከድህነት እንዲወጣ መጀመሪያ ድሃ መሆን አለበት። ቀሃ ዳርን ድሃ ያደረገው ይህ ነው፤ ማንም ክፉ አስቦ አይደለም።

ምስሉም እንዲሁ ነው። ማኅደር ውስጥ ያለው የዓሣ ምስል ውስን ነው። ያ መንጠቆ የያዘ ልጅ፣ ሰናይት የጠቀሽው፣ ለምርት ዜናም ለሕገ ወጥ ዜናም ለጾም ገበያም ሲታይ አውቃለሁ። ልጁ አሁን ሳያገባ አይቀርም።

ጡረተኛው · ማክሰኞ ቀን 7:38

ጋዜጣ ላይ ዓሣ በብዛት የሚገኝበትን ቦታ ረስታችኋል። የፖለቲካ አምድ ነው። «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ»፣ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል»። በእነዚህ ሁለት ተረቶች የተጻፈው ወረቀት ቢቆለል ከፋሲል ግንብ ይበልጣል። ዓሣው ራሱ ግን አንድ ቀን አልተጻፈለትም።

ሰናይት_ዘጣና · ማክሰኞ ቀን 8:02

ጋሼ፣ «ጎርጓሪ» ካሉማ አንድ ነገር ልጨምር። ላቤዮባርበስ ጎርጓሪ የሚባል የጣና ዓሣ አለ፤ የሳይንስ ስሙ ነው። ስሙን ያወጣለት ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር ተቀምጦ፣ ጣናን አይቶ፣ ዓሦቹን ለዓለም የጻፈ ሰው። ቤሶ የምንለው ዓሣም በሳይንስ ስሙ ቤሶ ነው፤ ያወጣውም እሱ ነው። ስለ ዓሣችን የመጀመሪያውን ሳይንሳዊ ዘገባ የጻፈው የውጭ ሰው መሆኑ ትንሽ ያሳፍራል።

ቀበሌ_10 · ማክሰኞ ማታ 1:15

ወንድሞቼ፣ በዚህ ጊዜ የምትጨነቁት በዓሣ ዜና ነው? መንገድ ሲዘጋ፣ ኑሮ እንዲህ ሲሆን? ደግሞስ በዓቢይ ጾም አሳ ይበላል ያለው ማነው?

አስተዳዳሪ · ማክሰኞ ማታ 1:22

የጾሙ ክርክር የራሱ ክር አለው፤ ባለፈው ዓመት 400 መልስ ደርሶ ቆልፈነዋል። እዚህ እንዳትጀምሩት፣ አደራ።

ቀሃ_ዳር · ማክሰኞ ማታ 1:40

ቀበሌ 10፣ የመጀመሪያው ጥያቄህ ልክ ነው። መንገዱ ተዘግቶ ወራት ያልወረድኩበት ጊዜ ነበር። ያን ጊዜ ነው ምን ያህል እንደሚያስፈልገኝ የገባኝ። ከዚህ በላይ መልስ የለኝም።

ከሽቱትጋርት · ማክሰኞ ማታ 4:50

ከርቀት ሰላምታ። የጎንደር፣ የማራኪ ሠፈር ልጅ ነኝ፣ ጀርመን ከመጣሁ 12 ዓመቴ።

እዚህ ለመዝናኛ ዓሣ ለማጥመድ ኮርስ ወስጄ፣ ተፈትኜ፣ ፈቃድ አውጥቼ ነው። ፈተናው ላይ ስለ ዓሣ አካል፣ ስለ ሕጉ፣ ዓሣውን ሳይሠቃይ እንዴት እንደምትገድለው ይጠይቁሃል። ሕጉ እንስሳን ያለ በቂ ምክንያት ማሠቃየት ይከለክላል። ፎቶ ተነስቼ ልልቀቀው ማለት በቂ ምክንያት ተደርጎ አይወሰድም። ቀሃ ዳር ያንን ነሐሴ ያነሳሃትን ፎቶ እዚህ ብትለጥፈው ፖሊስ ቤትህ ሊመጣ ይችላል።

ሚዲያውን ግን አታሞግሱት። እዚህም ያው ነው፣ ዓይነቱ ይለያል እንጂ። በጋ ላይ ፖለቲከኛው ሁሉ ዕረፍት ሲወጣ ወሬ ይጠፋል። ያኔ እንስሳ ይፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 ሙንሽንግላድባህ የሚባል ከተማ የፓርክ ኩሬ ውስጥ ያለ ትልቅ አምባዛ መሰል ዓሣ ቡችላ ዋጠ ተብሎ አገር ተናወጠ። ስም ወጣለት፤ ኩኖ። «ገዳዩ ኩኖ»! አጥማጁ ሁሉ ሊይዘው ወጣ፣ ጋዜጣው ሁሉ ተከተለ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ዓሣ እዚያው ሞቶ ተገኘ፣ እሱ ነው ተባለ። ቡችላዋን ግን ማን እንዳየ እግዜር ይወቀው።

ሌላው ማጭበርበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ፣ ኢሪ ሐይቅ ላይ በተደረገ ውድድር ሁለት ሰዎች በያዟቸው አምስት ዓሦች ሆድ ውስጥ ክብደት እንዲጨምር የእርሳስ ብረት ከተው ተያዙ። የዓሣው መጠን ከክብደቱ ጋር አይመጣጠንም ብሎ የጠረጠረው የውድድሩ ኃላፊ እዚያው ዓሣውን ቀደደው። ቪዲዮው ዓለምን ዞረ። ሽልማቱ 29 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር፤ በኋላ አምነው አሥር አሥር ቀን ታሠሩ፣ ጀልባቸውም ተወረሰ። የዚያን ሰሞን የሥራ ባልደረቦቼ በሙሉ ስለ ዓሣ ማጥመድ ያወሩኝ ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አንድ ቀን አንስተውት አያውቁም።

ማራኪ_ሠፈር · ረቡዕ ጠዋት 2:30

ሁላችሁም ስለ ራሳችሁ ነው የምታወሩት። ዓሣው አያመውም? «ያዝኩት፣ ለቀቅሁት፣ ደስ አለኝ» ትላላችሁ። እሱ ደስ አለው?

ሰናይት_ዘጣና · ረቡዕ ጠዋት 3:15

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ዜናም ሆኖ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2003 ስኮትላንድ ውስጥ ተመራማሪዎች ትራውት የሚባለውን ዓሣ ከንፈር በንብ መርዝና በአሲድ ወጉት። ዓሦቹ ምግብ ተዉ፣ ከንፈራቸውን ከጠጠር ጋር ያሹ ጀመር። ጋዜጦች «ዓሣ ያመዋል» ብለው ጻፉ፤ አጥማጆችም ተቆጡ። ክርክሩ አሁንም አልተዘጋም። እኔ እንደሚያመው አድርጌ ነው የምሠራው። መልሰህ የምትለቀው ከሆነ ወደ ኋላ የሚይዘው እሾሁ የተፋቀ መንጠቆ ያዝ፣ እጅህን አርጥብ፣ ከውሃ ውጭ አታቆየው። በደረቅ እጅ ስትይዘው ቆዳውን የሚሸፍነው ልጋግ ይገፈፋል፤ ለቀኸው ሄዶ ይታመማል።

አዘዞ_04 · ረቡዕ ቀን 6:44

እኔ የሚገርመኝ ፎቶው ነው። ሚዲያ ሚዲያ እንላለን፣ እኛስ? ሁሉም ሰው ዓሣውን ወደ ካሜራው እጁን ዘርግቶ ነው የሚይዘው። ግማሽ ኪሎ ቀረሶ በግ ታክላለች። ቀሃ ዳር፣ ፋሲካ ሰሞን የለጠፍካት አምባዛ ስንት ነበረች? በእውነት።

ቀሃ_ዳር · ረቡዕ ቀን 6:58

...ሁለት ኪሎ ከሩብ።

አዘዞ_04 · ረቡዕ ቀን 7:00

«ስድስት ኪሎ» ነው ያልከው!

ከሽቱትጋርት · ረቡዕ ቀን 9:12

ለዚህ ነው ውሸት መመርመሪያ ያስፈለገው። አልቀለድኩም። እ.ኤ.አ. በ2009 ጃፓን፣ ቢዋ ሐይቅ ላይ አንድ ሰው ከ1932 ጀምሮ ያልተነካውን የባስ ዓሣ ክብረ ወሰን ተስተካከለ፤ 10 ኪሎ ገደማ። መዝገቡ ከመጽደቁ በፊት በውሸት መመርመሪያ ማሽን ፈተኑት። አለፈ። ቀሃ ዳር አያልፍም።

ማይክ_ያዥ · ረቡዕ ማታ 2:20

ይህን ክር ለአርታኢዬ አሳየሁት። እናትየው ደውለው ያለቀሱበት ጋ ሲደርስ ሳቀ። «የሦስት ደቂቃ ነገር ሥራ» አለኝ፤ ለእሁድ የመዝናኛ ፕሮግራም። ፋይዳ አልጠየቀም፣ ተአምር ነው።

ቀሃ ዳር መምጣት ትችላለህ? የጎርጎራው ልጅ፣ አባትህስ? አብረው ቢታዩ ደስ ይለኛል። አንዱ ለእንጀራ፣ አንዱ ለደስታ፤ ልዩነቱን ራሳቸው ይናገሩት።

ቀሃ_ዳር · ረቡዕ ማታ 2:41

እመጣለሁ። ሁለት ነገር ግን። «ወጣት» አትበሉኝ። ዓሣ ዘርግቼ እንድይዝም አታድርጉኝ።

የጎርጎራ_ልጅ · ረቡዕ ማታ 3:10

አባቴን ጠየቅሁት። «ምን ሊጠይቁኝ ነው?» አለኝ። «ገበያው እንዴት ነው» ካላላችሁት ይመጣል። ስለ መረቡና ስለ እምቦጩ ጠይቁት፣ እሱን ካነሳችሁ ሦስት ደቂቃ አይበቃውም።

ሌሊት 9 ሰዓት ወደቡ ላይ ሁኑ። ጋቢ ያዙ፣ ሐይቁ ላይ ብርዱ ሌላ ነው። ታንኳ ላይ የምትወጡ ከሆነ ደግሞ ካሜራውን በላስቲክ ጠቅልሉት፤ ደንገሉ ውሃ ያስገባል። የሚቀመጠውም መሐል ነው። አትነሡ።

አዘዞ_04 · ረቡዕ ማታ 3:14

እኔ ጋቢውን ይዤ ዳር ላይ እጠብቃችኋለሁ።